መብራት ከተመለሰ በኋላ የማይነሳ የጋሌራ ክላስተር፦ ችግርና መፍትሄ

ሦስት ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ዳታ ይዘው በሚሠሩበት የማሪያዲቢ ዳታቤዝ ጋሌራ ክላስተር (የሰርቨሮች ስብስብ) አንዱ ኖድ፣ ማለትም አንዱ ሰርቨር፣ ቢወድቅ ሁለቱ ሥራውን ስለሚቀጥሉ ተጠቃሚው ላያውቀው ይችላል። መብራት ሲጠፋና ዩፒኤሱ ሲያልቅ ግን ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ፤ ባለሙያው በጣም መጠንቀቅ ያለበትም ያኔ ነው።

ምልክት፦ መብራት ከተመለሰ በኋላ የዳታቤዝ አገልግሎቱ በተለመደው ትዕዛዝ አይነሳም። ሎጉ (የአገልግሎቱ የክስተት መዝገብ) ሲታይ ኖዱ ጓደኞቹን ፈልጎ እንዳጣና የጥበቃው ጊዜ እንዳለፈ ይገልጻል።

መንስኤ፦ እያንዳንዱ ኖድ ሲነሳ በሥራ ላይ ያለ ክላስተር ፈልጎ ለመቀላቀል ይሞክራል። ሦስቱም ተመልሰው እርስ በርስ ከተገናኙ ክላስተሩ ብዙ ጊዜ በራሱ ያገግማል፤ አንዱ ከቀረ ግን የመጨረሻውን ዳታ ማን እንደያዘ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል የተነሱትም ሥራ ሳይጀምሩ ይቆማሉ።

መፍትሄ፦ በመጀመሪያ የትኛውንም ኖድ እንደ አዲስ ክላስተር አያስነሱ። አለቃ ስልክ እየደወለ፣ ደንበኛ እየጠበቀ ይህን መታገስ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዳታ የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ችኮላ ነው። በየሰርቨሩ የዳታ ማውጫ ውስጥ «ግራስቴት» የተባለ አጭር የጽሑፍ ፋይል አለ። «ሴክኖ» በሚለው መስመር ላይ −1 ካነበቡ፣ ኖዱ በድንገት ስለጠፋ የመጨረሻውን የትራንዛክሽን (በዳታው ላይ የተደረገ ለውጥ) ቁጥር ሳይመዘግብ ቀርቷል ማለት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ግን ራሱ ዳታቤዙ ውስጥ ስላለ፣ አገልግሎቱ እንደቆመ «ጋሌራ ሪከቨሪ» የተባለውን ስክሪፕት በማስኬድ ማውጣት ይቻላል። ይህን በሦስቱም ላይ ያድርጉና ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፈው ያነጻጽሩ። ለምሳሌ ሁለቱ 48210፣ ሦስተኛው 48207 ቢያሳዩ፣ ሦስተኛው የመጨረሻዎቹ ሦስት ትራንዛክሽኖች አልደረሱትም፤ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ከሁለቱ አንዱ ነው።

በመረጡት ኖድ ብቻ፣ በዚያው «ግራስቴት» ፋይል ውስጥ «ሴፍ ቱ ቡትስትራፕ» የሚለውን መስመር ከ0 ወደ 1 ይለውጡና «ጋሌራ ኒው ክላስተር» በሚለው ትዕዛዝ ያስነሱት። ሌሎቹን በተለመደው ትዕዛዝ፣ አንዱ ተቀላቅሎ እስኪጨርስ እየጠበቁ፣ በየተራ ያስነሱ። በስህተት ወደኋላ የቀረው ኖድ ቀድሞ ከተነሳ፣ አዲሱን ዳታ የያዙት ኖዶች የእነሱ ቁጥር ከክላስተሩ እንደሚበልጥ ገልጸው ለመቀላቀል እምቢ ይላሉ። ይህን ማስጠንቀቂያ ለማለፍ ብለው በእነዚያ ኖዶች ላይ ያለውን የ«ግራስቴት» ፋይል ከሰረዙት ግን አሮጌው ቅጂ በአዲሱ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት የሦስቱንም የዳታ ማውጫ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ።

አንድ ኖድ ብቻ አልቀላቀል ካለ መጀመሪያ ፋየርዎሉን ይመልከቱ። በኖዶቹ መካከል ፖርት 4567፣ 4568 እና 4444 ክፍት መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ደንበኞች የሚገቡበት 3306 ብቻ ነው፤ 4444 የሚረሳው ሙሉ ቅጂ ሲተላለፍ ብቻ ስለሚያስፈልግ ነው።

አገልግሎቱ ተነስቶ ሳለ ለተለመዱ ጥያቄዎች ስህተት ቁጥር 1047 የሚመልስ ከሆነ፣ ኖዱ ከአብላጫው ተለይቷል፤ ኔትወርኩ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ብቻውን ዋና እንዲሆን ማስገደድ የሚቻለው ሌሎቹ በእርግጥ መጥፋታቸውን በዓይንዎ ካዩ ብቻ ነው፤ አለዚያ ሁለት ቦታ የሚጻፍ፣ ኋላም የማይታረቅ ዳታ ይፈጠራል።

መላው ክላስተር ከተንቀራፈፈ ደግሞ አንዱ ዘገምተኛ ኖድ ሌሎቹን እየያዛቸው ሊሆን ስለሚችል፣ የዚያን ኖድ ዲስክና ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ቁልፍ) የሌላቸውን ሠንጠረዦች ይመርምሩ።