የማይክሮኮንትሮለርን ፈርምዌር በዋይፋይ ሞጁል በኩል ከርቀት እንዴት ማደስ እንደሚቻል

ጣሪያ ላይ የሰቀላችሁት ሴንሰር አለ እንበል። ኮዱ ውስጥ አንድ ስህተት አገኛችሁ። ማስተካከሉ የሁለት ደቂቃ ስራ ነው። መሰላል አምጥቶ፣ ሳጥኑን ፈትቶ፣ ላፕቶፕ ይዞ ወጥቶ ገመድ መሰካቱ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። መሳሪያዎቹ አስር ከሆኑማ አስቡት።

ፈርምዌሩን፣ ማለትም ማይክሮኮንትሮለሩ (መሳሪያውን የሚያዝዘው ቺፕ) የሚያስኬደውን ኮድ፣ በዋይፋይ መላክ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚፈራው «መሃል ላይ ቢቋረጥ መሳሪያው ሞቶ ይቀራል» ብሎ ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ከያዛችሁ አያሰጋም፦ አዲሱን ፋይል ሙሉ በሙሉ ሳትጨብጡ አሮጌውን አትንኩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን እንዴት እንደምታደርጉ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ሁለት ቺፕ ያለበትን መሳሪያ ነው። ዋናውን ስራ የሚሰራው ኤስቲኤም32ኤፍ103 ነው፤ 64 ኪሎባይት ፍላሽ (ኮዱ የሚቀመጥበት፣ መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ማህደረ ትውስታ) ያለው፣ ብዙዎች «ብሉ ፒል» በምትባለው ሰማያዊ ቦርድ ላይ የሚያውቁት። ዋይፋዩን የሚይዘው ደግሞ ኢኤስፒ8266 ነው። እነዚህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤስቲኤም32 ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈ፣ ማንም ሊያጠፋው የማይችል ቡትሎደር፣ ማለትም አዲስ ኮድ ተቀብሎ ፍላሹ ላይ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ በውስጡ አለው። የእናንተ ኮድ ቢበላሽ እንኳ እሱ አይነካም። ሞጁሉ በህይወት እስካለ ድረስ ሁሌም እንደገና መሞከር ይቻላል።

ገመዶቹ

አምስት ገመድ ይበቃል። የሞጁሉ መላኪያ ወደ ዋናው ቺፕ ፒን ፒኤ10፣ መቀበያው ወደ ፒኤ9 ይሄዳል። ግራውንድ ከግራውንድ ይገናኛል። የሞጁሉ ፒን 4 (ጂፒአይኦ4) ወደ ሪሴት፣ ፒን 5 (ጂፒአይኦ5) ወደ ቡት0 ይሄዳል፤ ቡት0 ቺፑ ሲነሳ በእናንተ ኮድ ወይም በቡትሎደሩ መጀመሩን የሚወስነው ፒን ነው። ቡት1 ዜሮ ላይ ይቆይ። ሁለቱም ቺፖች በ3.3 ቮልት ስለሚሰሩ መሃል ላይ የቮልት መቀየሪያ አያስፈልግም።

ቡት0 ላይ ወደ ግራውንድ የሚወርድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጉ። ሞጁሉ ቢሞት ወይም ገና እየተነሳ ቢሆን ዋናው ቺፕ እንደ ወትሮው ኮዱን ያስኬዳል። የሪሴቱን ፒን ደግሞ ወደ ታች ጎትታችሁ ልቀቁት እንጂ ወደ ላይ አትግፉት፤ ስትለቁት ቺፑ ራሱ ያነሳዋል።

በጣም ትንሿ ኢኤስፒ-01 ሞጁል ፒን 4 እና 5ን ወደ ውጭ አታወጣም፤ ስለዚህ ኢኤስፒ-12 ዓይነቱን ያዙ። ሞጁሉ ሲልክ ድንገት ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቢያንስ 500 ሚሊአምፔር የሚችል ሬጉሌተር ስጡት። «አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ አይሰራም» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፋይሉን ማዘጋጀት

ኮምፓይለሩ ከሚያወጣቸው ፋይሎች ውስጥ ባይነሪውን ውሰዱ። የሄክስ ፋይሉ በጽሁፍ የተጻፈ ስለሆነ መልሶ መተርጎም ይፈልጋል፤ ባይነሪው ግን ፍላሹ ላይ የሚያርፈው ራሱ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ከፋይሉ ጎን አንዲት ትንሽ የጽሁፍ ፋይል አስቀምጡ። ሦስት ነገር ትያዝ፦ የቨርዥን ቁጥር፣ የፋይሉን መጠን እና ሻ-256 ሀሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ፋይሉ ትንሽ ቢቀየር የሚለወጥ አሻራ)። ሞጁሉ በየተወሰነ ሰዓቱ እየመጣ እሷን ብቻ ያነብባል። ቨርዥኑን 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ በሙሉ ቁጥር ብትቆጥሩት ይሻላል። እንደ ጽሁፍ ሲነጻጸር «1.10» ከ«1.9» ያነሰ መስሎ ይታያል፤ መሳሪያውም አዲሱን አልፈልግም ብሎ ቁጭ ይላል።

ማውረድና ማጣራት

አዲስ ቨርዥን ካለ ሞጁሉ ፋይሉን ወደ ራሱ ፍላሽ ያውርድ። ኢኤስፒ-12 ላይ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሜጋባይት ስላለ አዲሱንም አሮጌውንም ፋይል ይዞ ብዙ ቦታ ይተርፈዋል። እስካሁን ዋናው ቺፕ ምንም አልሰማም፤ ስራውን እየሰራ ነው። ዋይፋዩ መሃል ላይ ቢቋረጥ ግማሹን ፋይል ጥሎ እንደገና መጀመር ነው፤ ጉዳት የለም።

ወርዶ ሲያልቅ መጠኑንና ሀሹን አመሳክሩ። እኔ ከዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ፍተሻ እጨምራለሁ። የባይነሪው የመጀመሪያ አራት ባይቶች የራም አድራሻ፣ ቀጣዮቹ አራት ደግሞ ኮዱ የሚጀምርበት የፍላሽ አድራሻ ናቸው። ስለዚህ በአስርዮሽ ካየነው አራተኛው ባይት 32፣ ስምንተኛው 8 መሆን አለበት። ካልሆነ የተሳሳተ ፋይል ነው የሰቀላችሁት፤ ሀሹ ልክ ቢሆንም አትጻፉት።

ከቡትሎደሩ ጋር መነጋገር

ዋናው ስራ እዚህ ነው። ቁጥሮቹን ሁሉ በአስርዮሽ ነው የምጽፋቸው።

መጀመሪያ ሞጁሉ በራሱ ፍላሽ ላይ «መጻፍ ጀምሬያለሁ» የሚል ምልክት ያስቀምጥ። ከዚያ ቡት0ን ከፍ አድርጎ፣ ሪሴትን ለአፍታ ጎትቶ ይልቀቅ። ቺፑ አሁን በእናንተ ኮድ ሳይሆን በፋብሪካው ቡትሎደር ይነሳል።

የሰርያል መስመሩን 115200 ቦድ፣ 8 ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ (ስህተት ለመያዝ ከእያንዳንዱ ባይት ጋር የሚላክ ተጨማሪ ቢት)፣ 1 ስቶፕ ቢት አድርጉት። ፓሪቲውን አስምሩበት። ሌላው ኮዳችን ሁሉ ያለ ፓሪቲ ስለሚነጋገር እዚህ መቀየሩ ይረሳል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ሁለት ሌሊት ያደርኩት በዚህ ነው። ገመድ ቀየርኩ፣ ቦርድ ቀየርኩ፣ ቺፑ ግን ዝም። ፓሪቲውን እንዳስተካከልኩ ወዲያው መለሰልኝ።

127 ላኩ። ቡትሎደሩ ከዚህች አንድ ባይት ፍጥነታችሁን ይለካና 121 ብሎ ይመልሳል። 121 ማለት «እሺ» ነው፤ 31 ከመጣ «አይሆንም»። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከተቃራኒው ጋር ጥንድ ሆኖ ይላካል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 255 ይሆናሉ።

ማጥፋት፦ 67 እና 188 ላኩ፣ 121 ጠብቁ፣ ቀጥሎ 255 እና 0። ይሄ ሙሉውን ፍላሽ ያጸዳል። እዚያ ያስቀመጣችሁት ሴቲንግ ካለ አብሮ ይሄዳል፤ ቀድማችሁ ሞጁሉ ላይ አኑሩት።

መጻፍ፦ 49 እና 206 ላኩ፣ 121 ጠብቁ። ከዚያ አራት ባይት አድራሻ እና ቸክሰም። ቸክሰሙ፣ ማለትም መፈተሻ ባይቱ፣ አራቱን ባይቶች ቢት በቢት በኤክስኦር (ሁለቱ ቢቶች ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0) በማጣመር ይገኛል። ፍላሹ የሚጀምረው በሄክስ (በ16 መሰረት አቆጣጠር) 08000000 ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ብሎክ አድራሻ 8፣ 0፣ 0፣ 0 ነው፤ ቸክሰሙም 8። ሁለተኛው 8፣ 0፣ 1፣ 0 ሲሆን ቸክሰሙ 9። 121 ሲመጣ የዳታውን ርዝመት አንድ ቀንሳችሁ ላኩ፤ ለ256 ባይት 255 ማለት ነው። ቀጥሎ ዳታው፣ በመጨረሻ ርዝመቱን ጨምሮ የሁሉም ቸክሰም። እንደገና 121። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። የመጨረሻው ብሎክ ለ4 ካልተካፈለ በ255 ሙሉት።

ስትጽፉ ሁለት ነገር አስተውሉ። በዚሁ መስመር ላይ ለራሳችሁ የምታትሙት የዲበግ ጽሁፍ ካለ አጥፉት፤ ቡትሎደሩ ጽሁፋችሁን እንደ ትዕዛዝ ነው የሚያየው። ኢኤስፒ8266 ደግሞ ለሦስት ሴኮንድ ያህል ፋታ ካላገኘ ዋችዶጉ (ፕሮግራሙ ተጣብቆ እንዳይቀር የሚጠብቀው ሰዓት ቆጣሪ) ይነሳበትና ራሱን ሪሴት ያደርጋል፤ በየብሎኩ መሃል ፋታ ስጡት። ሙሉው 64 ኪሎባይት መስመሩ ላይ ብቻ 6 ሴኮንድ አለፍ ያለ ይወስዳል፤ የፍላሹ መጻፊያ ጊዜ ይጨመርበታል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ በ17 እና 238 መልሳችሁ አንብቡና ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ቡት0ን ዝቅ፣ ሪሴት፣ መስመሩንም ወደ ድሮው አሰራር መልሱ።

መነሳቱን ማረጋገጥ

ፋይሉ በትክክል ተጻፈ ማለት ኮዱ ይሰራል ማለት አይደለም። አዲሱ ፈርምዌር ተነስቶ ሴንሰሮቹን ካነበበ በኋላ ለሞጁሉ «ደህና ነኝ፣ ቨርዥን 7» ይበለው። ሞጁሉ 30 ሴኮንድ ጠብቆ ድምጽ ካጣ አሮጌውን ፋይል አንስቶ መልሶ ይጻፍ፤ ያንን ቨርዥንም ዳግመኛ እንዳያወርድ ይመዝግብ። «መጻፍ ጀምሬያለሁ» የሚለው ምልክት የሚጠፋው «ደህና ነኝ» ሲሰማ ብቻ ነው። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ሞጁሉ ሲነሳ ምልክቱን ያየዋል፤ ስራውንም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሀሽ የሚነግራችሁ ፋይሉ አለመበላሸቱን ነው፤ ማን እንደላከው አይነግራችሁም። ሰርቨሩን የያዘ ሰው ፋይሉንም ሀሹንም መቀየር ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን በግል ቁልፍ ፈርሙት፣ ሞጁሉም ከመጻፉ በፊት ፊርማውን በይፋዊው ቁልፍ ይመርምር። የግል ቁልፉ ከኮምፒውተራችሁ አይውጣ፤ ሰርቨሩ ላይም አይቀመጥ። ግንኙነቱን በኤችቲቲፒኤስ ካደረጋችሁት ሞጁሉ መጀመሪያ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይሙላ፤ ትክክለኛ ሰዓት ከሌለው ሰርተፊኬቱን ማረጋገጥ አይችልም።

መሳሪያውን ከመስቀላችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አሰቃዩት። ማውረድ ላይ እያለ ዋይፋዩን አጥፉ። መጻፍ ላይ እያለ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፤ አንዴ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ መሃል፣ አንዴ መጨረሻው ላይ። ሆን ብላችሁ «ደህና ነኝ» የማይል ፈርምዌር ላኩበትና ወደ አሮጌው መመለሱን እዩ። በአንዱም ሳትነኩት በራሱ ከተነሳ፣ አሁን መሰላሉን አምጡ።