ክረምት ሲገባ በእንጉዳይ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ከዛፍ ሥር፣ ከአጥር ጥግ፣ ከበረት አጠገብ እንጉዳይ ብቅ ብቅ ይላል። ልጆች በእርግጫ ይበትኑታል። ትልልቆቹ ደግሞ ወይ «የጅብ ጥላ ነው፣ አትንኩ» ይላሉ፣ ወይ ለወጥ ይለቅሙታል። ሥራው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የሚታየውን ብቻ እንጉዳይ ማለት

እንጉዳይ ፈንገስ ነው፤ ከአፈር በላይ የምናየው ፍሬውን ነው። ዋናው አካል መሬት ወይም ግንድ ውስጥ የተዘረጋ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ማይሲሊየም ይባላል። የበሰበሰ ግንድ ገልበጥ ብታደርጉ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ማንጎ ስለተለቀመ ዛፉ እንደማይሞት ሁሉ፣ እንጉዳዩን ነቅሎ መጣልም ክሩን አያጠፋውም። ክሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ከላይ ሆኖ መገመት አይቻልም። አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት ውስጥ የሚገኝ አንድ የአርሚላሪያ ፈንገስ ብቻውን 965 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል።

«በሽታ ነው» ብሎ መድኃኒት መርጨት

በግቢያችን የሚወጣው አብዛኛው እንጉዳይ የሚመገበው የሞተ ነገር ነው፤ ጉቶ፣ ፍግ፣ የረገፈ ቅጠል። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን በቀላሉ አይፈርስም። እሱን በማፍረስ ፈንገሶችን የሚስተካከል የለም። እነሱ ባይኖሩ የወደቀው ግንድ ሁሉ እንደተከመረ ይቀር ነበር። ፀረ ፈንገስ ስትረጩ ጠቃሚውንም ከጎጂው ጋር አብራችሁ ልትጎዱ ትችላላችሁ። እንጉዳዩ በቁም ዛፍ ግንድ ወይም ሥር ላይ ከወጣ ግን ችላ አትበሉት። አርሚላሪያን የመሰሉት ያልሞተ ሥርም ይበላሉ፤ ባለሙያ ይየው።

ቅጠል ጠርጎ ማቃጠልም ያው ነው። ግቢው የጸዳ ይመስላል፣ አፈሩ ግን ጦሙን ያድራል።

ችግኝን ያለ ጓደኛ መትከል

ይሄኛው ብዙም አይወራም፤ ለእኔ ግን ትልቁ ስህተት ነው። አብዛኞቹ ዕፅዋት ሥራቸው ላይ ፈንገስ አለ። ክሩ ሥሩ ከሚደርስበት አልፎ ውሃና ፎስፈረስ ያመጣል፤ ተክሉ በፋንታው ስኳር ይሰጠዋል። ይህ ሽርክና ማይኮራይዛ ይባላል። ፓይን የተባለው የውጭ ዛፍ (እንደ ፓቱላ ያለው) ወደ አፍሪካ ሲመጣ በብዙ ቦታ ችግኙ እየቀጨጨ አስቸግሮ ነበር። መላ የተገኘው ከፓይን ደን ሥር አፈር ሲመጣለት ነው። ዛሬም ጤናማ የፓይን ችግኝ ሥር ብታዩ፣ ለሁለት ለሁለት የተከፈሉ አጫጭር ጫፎች አሉት። ፈንገሱ የያዛቸው ናቸው። የእኛው ዝግባ፣ ወይራና የአበሻ ጥድም ፈንገስ አላቸው፤ የእነሱ ግን ሥሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚኖር በዓይን አይታይም።

ስለዚህ ችግኝ የምታፈሉ ሰዎች፣ ከተመሳሳይ ዛፍ ሥር ትንሽ አፈር ቀላቅሉ። ዛፉ ጤነኛ ይሁን እንጂ፤ አለዚያ በሽታውንም ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ማብዛትም ሽርክናውን ያዳክመዋል።

ያገኙትን ኩይሳ ሁሉ ማፍረስ

አንዳንድ ምስጦች ኩይሳው ውስጥ ፈንገስ ያለማሉ። ያኘኩትን ሣርና እንጨት ፈንገሱ ያብላላላቸዋል፣ እነሱ ይበላሉ። ዝናብ ሲመጣ ከዚያው ላይ የሚበላ እንጉዳይ ይወጣል። ወለጋ ውስጥ ቤቱንና ማሳውን ምስጥ ለጨረሰበት ገበሬ ይህን ማውራት ቀልድ ይመስላል፤ እውነቱን ነው። ከቤትና ከማሳ የራቀውን ኩይሳ ግን ምን አድርጎን ነው የምንንደው?

በሰሚ ሰሚ መብላት

«ዝንጀሮ ከበላው አይጎዳም»፣ «ነጭ ሽንኩርት ካላጠቆረ መርዝ የለውም» የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው። አማቶክሲን የተባለው መርዝ ተቀቅሎም ደርቆም አይጠፋም። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከተበላ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ማስታወክና ተቅማጥ ይመጣል፣ ከዚያ ለቀቅ ያደርጋል። ሰውየው ዳነ ሲባል ጉበቱ እየተጎዳ ነው። የአካባቢው ለቃሚ በእርግጠኝነት የማያውቀውን አትቅመሱ። ከተበላም ትራፊውን ይዛችሁ፣ ሕመሙን ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

የተመረተበትን ገለባ መጣል

ኦይስተር እንጉዳይ በገለባ የምታመርቱ፣ ምርቱ ሲያልቅ የቀረውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትድፉት። ፈንገሱ ግማሽ መንገድ አብላልቶታል። ከፍግ ጋር ቀላቅላችሁ ብታከርሙት ለጎመን መደብ ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። የፕላስቲክ ከረጢቱን ብቻ አውጡለት።