«ሪዞሉሽኑን ጨምርልኝ»፦ ፎቶ ለኅትመት ሲዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዓርብ ማታ ነው። የዲዛይን ቤቱን ልንዘጋ ነው። አንድ ሰው ስልኩን እየነካካ ይገባና «በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፣ ለእሁድ ነው የምፈልገው» ይላል። ፎቶውን እከፍታለሁ። ጥፍር ታህላለች። የሚፈለገው ደግሞ ግድግዳ የሚሞላ ነው። አይሆንም ስለው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ምን ችግር አለው፣ ሪዞሉሽኑን ጨምርልኛ!»

ይጨመራል። አይጨመርም አልልም። ግን ተጨምሮ የተበላሸ ሥራ ሳይጨመር ከተበላሸው ሲበዛ አይቻለሁ። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ደግሞ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

72ን አጥፍቶ 300 መጻፍ

ጀማሪ ዲዛይነር ሁሉ እዚህ ጋ ይወድቃል። ፎቶሾፕ ላይ የምስሉን መጠን የሚያሳየውን ሳጥን ይከፍታል። ሪዞሉሽን በሚለው ቦታ 72 የሚል ያያል፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 72 ፒክስል (ፎቶው የተሠራበት ጥቃቅን የቀለም ነጥብ) ማለት ነው። ማተሚያ ቤት የሚፈልገው 300 ነው ሲባል ሰምቷል። 300 ይጽፋል። በቃ፣ አለቀ።

ሳጥኑ ውስጥ «ሪሳምፕል» የምትል ምልክት ማድረጊያ አለች። እሷ ካልተመረጠች ምንም አልተጨመረም። ቁጥሩ የሚናገረው ፒክስሎቹ ወረቀት ላይ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚቀመጡ ብቻ ነው። 50 ኪሎ ጤፍ የያዘ ጆንያ ላይ 100 ኪሎ ብሎ እንደ መጻፍ ማለት ነው፤ ጤፉ ያው ነው። ከተመረጠች ደግሞ ፕሮግራሙ በነባሮቹ ፒክስሎች መካከል ቀለም እየገመተ አዳዲስ ይሞላል። ከ72 ወደ 300 ስትሄዱ የፒክስሉ ብዛት ከ17 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከ17ቱ 16ቱ ግምት ነው ማለት ነው። ወጥ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው። ድስቱ ይሞላል፣ ሥጋው ግን አልጨመረም።

ስለዚህ 72 እና 300 የሚለውን ለጊዜው ተዉትና ፒክስል ቁጠሩ። የፒክስሉን ብዛት ለ300 ስታካፍሉት ኢንች ይሰጣችኋል። በ2.54 ስታባዙት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኤ4 ሙሉ ገጽን በ300 ለማተም 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። ለኤ5 ደግሞ 1748 በ2480። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ፒክስሉ ከዚህ በጣም ካነሰ ፎቶው ለዚያ ገጽ አይበቃም።

ዋናውን ሳይጠይቁ ማሳደግ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ደካማው ፎቶው ሳይሆን የመጣበት መንገድ ነው።

ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅሙ ጎን ብዙውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ሒሳቡን ሥሩት። 1280 ለ300 ሲካፈል 4.27 ኢንች ነው፤ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ያው ፎቶ ግን ሰውየው ስልክ ላይ 4000 በ3000 ሆኖ ተኝቷል። በዚያ መጠኑ ወደ 34 ሴንቲ ሜትር ይታተማል፤ ከኤ4 ይበልጣል። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ላክልኝ»። ይቺን ሳልል ሁለት ሰዓት ፎቶ ሳሳድግ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። ስክሪንሾት ከሆነማ አታንሱት። የባትሪው ምልክት ሳይቀር አብሮ ይመጣል።

የድሮ ፎቶ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ከነመስታወቱ በስልክ ያነሳና ይልካል። አምፖሉ የሟቹ ግንባር ላይ ያበራል። ፎቶው ከፍሬሙ ወጥቶ እንዲመጣ ጠይቁ። ሌላው ቢቀር ጉርድ ፎቶ አይጠፋም። በቆየ መታወቂያ፣ በቁጠባ ደብተር ወይም በትምህርት ማስረጃ ላይ አንድ ቦታ ተለጥፎ ይገኛል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ በ1200 ስካን ሲደረግ 1417 በ1890 ፒክስል ገደማ ይሰጣል። ይሄ በ300 ሲታተም 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ነው። እርግጥ በዚህ ደረጃ የወረቀቱ ቅንጣትም አብሮ ይታያል። ቢሆንም ፊቱ የሰውየው ፊት ነው። ስካነሩ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ግን አትመኑ። መሣሪያው በእውነት የሚያየው ኦፕቲካል የሚባለው ነው። ከዚያ በላይ ያለው እሱም እንደ ፎቶሾፕ እየገመተ ነው።

ነጌቲቭ፣ ማለትም ፎቶው የተነሳበትን ፊልም፣ ያስቀመጠ ቤተሰብ ካጋጠማችሁ ደግሞ በዓላችሁ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ነጌቲቭ አንድ ፍሬም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። በ2400 ስካን ሲደረግ 2268 በ3402 ፒክስል ገደማ ያወጣል፤ ለኤ4 ሙሉ ገጽ ጥቂት ብቻ ነው የሚጎድለው።

ኤአይ ያወጣውን ሳያዩ ማመን

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፎቶ የሚያሳድጉ ፕሮግራሞች መጥተው ጨዋታው ተቀይሯል። አዶቢ በ2021 እ.ኤ.አ. ካሜራ ሮው በሚባለው የፎቶ ማስተካከያው ላይ ሱፐር ሪዞሉሽን የሚባለውን አወጣ። እያንዳንዱን ጎን በእጥፍ ያሳድጋል፤ ፒክስሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ቶፓዝ ጊጋፒክስል አለ። በነፃ የሚገኘው አፕስኬይልም አለ። እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ለቅጠል፣ ለድንጋይ፣ ለሕንፃ ግሩም ናቸው።

ፊት ላይ ግን ተጠንቀቁ። እነዚህ ፕሮግራሞች የጠፋውን አያገኙትም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ሌሎች ፎቶዎች ከተማሩት ተነስተው «እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይኖር ይሆናል» ብለው ይስላሉ።

አንዴ ለሙት ዓመት የሚታደል ካርድ ልሠራ የአንድ አዛውንት ፎቶ መጣልኝ። ትንሽና የደበዘዘ ነው። በኤአይ አራት እጥፍ አሳደግኩት። ቆዳው ጠራ፣ ዓይኑ በራ። ደስ ብሎኝ ለልጃቸው አሳየኋት። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አባባ አይደለም» አለችኝ። ለካ አባቷ ፍንጭት ነበሩ። ዋናው ፎቶ ላይ ፍንጭቱ የደበዘዘች ጥቁር መስመር ሆና ትታያለች። ፕሮግራሙ ቆሻሻ መስላው ጥርሱን ገጥሞ ደፍኖታል። ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ፍንጭት ነው የሚያውቃቸው።

ከዚያ ወዲህ የማያቸው ቦታዎች አሉኝ። ጥርስ አንዱ ነው። የእናቶች ግንባርና አንገት ላይ ያለ ንቅሳት ሌላው ነው፤ እንደ ጠባሳ አልስልሶ ያጠፋዋል። የነጠላ ጥለትም እንደዚያው። መስቀሉ ተበትኖ ምንነቱ የማይታወቅ ዳንቴል ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ፊደላችን ነው። ፎቶው ውስጥ ታፔላ ወይም ጽሑፍ ካለ ፕሮግራሙ ግራ ይገባዋል። «ሙ»ን ከ«መ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። ስትደበዝዝ ወይ ይጠርጋታል፣ ወይ የማትገባበት ያስገባታል። «ሙሉ» የሚል ታፔላ «መለ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሲብስም የትኛውም ፊደል ያልሆነ፣ ከሩቅ ሲያዩት ግን ግዕዝ የሚመስል ጉድ ይጽፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ያደገውንና ዋናውን በሁለት ሌየር (ንብርብር) ደራርቡ። ፊት፣ ጥርስ፣ ጽሑፍ ላይ ዋናውን በማስክ፣ ማለትም የንብርብሩን ከፊል በሚሸፍነው መሣሪያ፣ መልሱ። ቢደበዝዝ ይደብዝዝ።

ሎጎና ጽሑፍ ማሳደግ

ሎጎን አታሳድጉ። ከፌስቡክ ገጽ የወረደች ክብ ሎጎን አሳድጎ ማተም የጥርስ መፋቂያን ምሰሶ ለማድረግ እንደ መሞከር ነው። ድርጅቱን የቬክተር ፋይል ጠይቁ፤ በፒክስል ሳይሆን በመስመር የተሳለ ስለሆነ ቢያድግም አይደበዝዝም። እዚህ ጋ አንድ ጣጣ አለ። ቬክተር የሚሳልበት ፕሮግራም፣ የኢለስትሬተር፣ ፋይል ማብቂያው «ኤአይ» ነው። «ኤአይ ፋይል አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ «የለንም፣ ግን በኤአይ ልናሠራው እንችላለን» ያለኝ ሰው አለ። ፋይሉ ከሌለ በብዕር መሣሪያው እንደገና ሳሉት። አብዛኛው ሎጎ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጽሑፍ ከሆነ እንደገና ተይቡት።

ለሁሉም ነገር 300

300 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። በእጃችን ይዘን፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምናየውን ነገር ታስቦ የወጣ ነው። ደህና ዓይን በዚያ ርቀት ከዚያ በላይ ጥቃቅን ነጥብ አይለይም። ሲርቅ ደግሞ የሚበቃው ይቀንሳል። 87ን በሜትር ለተለካው ርቀት አካፍሉ። ከ1 ሜትር 87 ይበቃል፤ ከ3 ሜትር 29።

አሁን 3 በ2 ሜትር ባነርን በ300 ሥሩ እንበል። 35,433 በ23,622 ፒክስል ነው። በአራቱ የኅትመት ቀለሞች ሳይታመቅ ከ3 ጊጋባይት ይበልጣል። ኮምፒውተሩ ያቃስታል፣ ፍላሹ ይሞላል፣ ማተሚያ ቤቱም ይረግማችኋል። በ72 ቢሠራ ወደ 190 ሜጋባይት ነው፤ ከመንገድ ማዶ ላየው ልዩነት የለውም። ሆቴል በር ላይ የሚቆም ሮል አፕ (ተጠቅልሎ የሚዘረጋ ባነር) ሰው ስለሚጠጋው 150 ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት «የት ነው የሚሰቀለው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ደጋግሞ ማሳደግ፣ ደጋግሞ ጄፔግ

ዛሬ በትንሹ፣ ነገ «ትንሽ ይጨመር» ሲባል ከዚያው ላይ። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግምት መልሶ ይገምታል፤ ፋይሉን ለማሳነስ ዝርዝር በሚጥለው በጄፔግ ማስቀመጡ ደግሞ የራሱን ቆሻሻ ይጨምራል። ከዋናው ተነሱ፣ ወደ መጨረሻው ልክ በአንድ ጊዜ ሂዱ፣ ዝርዝር በማይጥሉት በቲፍ ወይም በፒኤስዲ አስቀምጡ። ጄፔጉ የፈጠረውን ዳማ የሚመስል አራት ማዕዘን ቆሻሻ ከማሳደጋችሁ በፊት አጽዱ። ማሾል (የነገሮችን ጠርዝ ማጉላት) የመጨረሻ ሥራ ነው።

ለፍቶ በመጨረሻው በር ላይ መጣል

ይሄኛው ያናድዳል። ፎቶው ተስተካክሏል፣ ገጹ ተሠርቷል፣ ፒዲኤፍ ሲወጣ ግን «ትንሹ መጠን» የሚለው ይመረጣል። የገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን ላይ ይህ ምርጫ ፎቶዎቹን ወደ 100 ያወርዳቸዋል። «ፕሬስ ኳሊቲ» የሚለው ግን ከ450 በላይ የሆኑትን ብቻ ወደ 300 ያወርዳል። ካንቫ የምትጠቀሙ ስታወርዱ «ፒዲኤፍ ፕሪንት»ን ምረጡ። ዎርድ ፋይሉ ሲቀመጥ ሳይነግራችሁ ፎቶውን ወደ 220 ሊያወርድ ይችላል፤ አድቫንስድ የሚለው ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ መጭመቁን አጥፉት።

ኢንዲዛይን ላይ ደግሞ «ኤፌክቲቭ ፒፒአይ» የሚለውን ተመልከቱ፤ ፎቶው ገጹ ላይ በተቀመጠበት ልክ በአንድ ኢንች ያለው ፒክስል ነው። 300 የነበረ ፎቶ ገጹ ላይ በእጥፍ ከተለጠጠ 150 ሆኗል። ማሽኑ የሚያትመው ይሄንን ነው።

ስክሪን ላይ አይቶ መፍረድ

ስክሪን ላይ ያማረ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። የተገላቢጦሹም አለ። 400 ፐርሰንት አጉልተው አይተው «ተበላሽቷል» ብለው የሚጨነቁ አሉ፤ ወረቀት ላይ ምንም አይታይም።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ፎቶው ምንም ያህል ትልቅ ይሁን፣ ፊቱን በሚታተምበት ልክ ቆርጬ ኤ4 ላይ አትማለሁ። ከዚያ ያቺን ቁራጭ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። የሙት ዓመቱን ካርድ ያሠራችው ልጅ በማግሥቱ የአባቷን የድሮ መታወቂያ ይዛ ተመለሰች። ጉርዱን ስካን አድርጌ ቁራጯን አትሜ ሰጠኋት። ፎቶው ትንሽ ሻካራ ነበር፣ የወረቀቱ ቅንጣትም ይታያል። ጣቷን ፍንጭቱ ላይ አድርጋ «አዎ፣ አባባ ነው» አለች። 200 ኮፒ አተምንላት።