በሽተኛው ከአልጋው ሲንሸራተት፦ የኦግመንትድ ሪያሊቲ ልምምድ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቪአር (ሙሉ በሙሉ የኮምፒውተር ዓለም የሚያሳይ) መነጽር ዙሪያችሁን ይጋርድባችኋል። ኦግመንትድ ሪያሊቲ መነጽር ግን እውነተኛውን አልጋም የሥራ ጓደኛችሁንም እያያችሁ፣ የበሽተኛውን የኮምፒውተር ምስል ብቻ ይጨምርላችኋል። ድንገተኛ ሕክምና በቡድን የሚሠራ ስለሆነ ይሄ ይመቻል። ጎጃም ውስጥ ከኢንተርኖች (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች) ጋር ስንሞክረው ያስቸገረንን ልንገራችሁ። አብዛኛው ጥፋት የመነጽሩ ሳይሆን የክፍሉ ነበር።

በሽተኛው ከአልጋው ተንሸራቶ ይሄዳል

ልቧ የቆመ ሴትዮ ቀስ እያለች ወደ ግድግዳው ሄደችብን። ሳቅን፣ ልምምዱም ተበላሸ። መነጽሩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ካሜራዎቹ ዙሪያውን እያዩ ምልክት ሲይዙ ነው። ባዶ ነጭ ግድግዳና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የሚያዝ ነገር የላቸውም። እኛ ባለ ቀለም ሰፌድ ሰቀልን። እውነቴን ነው! ካላንደርም፣ የአካል ክፍል ፖስተርም ይሆናል። አንድ ዓይነት ፖስተር በየቦታው አትለጥፉ እንጂ፤ ይምታታበታል። ከዚያ ክፍሉን በመነጽሩ ዞር ዞር ብላችሁ እንደገና አስቃኙት።

ምስሉ ይደበዝዛል

ፀሐይ ነው። መስኮቱን በጋቢ ሸፍኑት። ድቅድቅ ጨለማ ግን አታድርጉት፤ ካሜራዎቹም ብርሃን ይፈልጋሉ።

መነጽሩ ግሎ ይዘጋል

የማይክሮሶፍቱ ሆሎሌንስ 2 መነጽር የተሠራው ከ10 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላለ ክፍል ነው። ደብረ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ አይከብድም። ባሕር ዳር በሚያዝያ ቀትር ላይ ግን ከዚያ ያልፋል፤ ጠዋት በጊዜ ጀምሩ። ባትሪውም ቢበዛ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው የሚቆየው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 ማምረቱን ስላቆመ፣ ያገለገለ የምትገዙ ባትሪውን ሳትፈትሹ ብር አትክፈሉ።

እጅ አየር ይጨብጣል

ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ምስሉን ብትጫኑት አይመልስም። ኢንተርኑ ደረት የተጫነ ይመስለዋል፣ እጁ ግን ምንም አልተማረም። ልቡ የቆመ አዋቂ ደረት ሲጫኑት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር መውረድ አለበት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ይህን አየር አያስተምርም። መፍትሄው ከምስሉ ሥር እውነተኛ ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያለው የልምምድ አሻንጉሊት) ማስተኛት ነው፦ ፊቱን፣ ላቡንና ሞኒተሩን መነጽሩ ያሳያል፤ ደረቱን ማኒኪኑ ይሰጣል። ለስላሳ ፍራሽ ላይ ግን አታስተኙት፤ ፍራሹ ግፊቱን ይውጠዋል። መሬት ላይ ይሁን፣ ወይ ከጀርባው ሥር ጣውላ አስገቡለት። ማኒኪን ከሌላችሁ በመነጽሩ ውሳኔን ብቻ አለማምዱ፤ ማን ምን ይሥራ፣ አድሬናሊን መቼ ይሰጥ የሚለውን።

በሽተኛዋ እንግሊዝኛ ብቻ ታወራለች

ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በጥርት ያለ እንግሊዝኛ ሕመሟን ስትተነትን ኢንተርኑ ይዝናናል። ከዳሞት የመጣች አማት ግን «ልጄ፣ ዓይኗን አጨለማት እኮ!» ነው የምትለው። የመነጽሩን ድምፅ ዝጉና አንዲት አዋላጅ ነርስ አማቲቱን ትጫወት። እኛ ጋ ያለችው ነርስ ከመጠን በላይ ጎበዝ ናት፤ አንዱን ኢንተርን በላብ አጠመቀችው።

መብራት ሲሄድ በሽተኛው ይጠፋል

መነጽሩ በባትሪ ቢሠራም ክፍሉ ከጨለመ ካሜራዎቹ ያለበትን ቦታ አያውቁም። ልምምዱን ቀድማችሁ መነጽሩ ላይ ጫኑ፣ ኢንተርኔት አትጠብቁ። ቻርጅ የተደረገ ባውዛም ይኑራችሁ። ባውዛው እስኪበራ ድረስ ደረት የሚጫነው ልጅ እጁን እንዳያነሳ ንገሩት። ማኒኪኑ እንደሆነ እዚያው ነው።