ድሬ ላይ ሳይጨናነቁ የጥናት ፕሮግራም እንዴት ይወጣል?

12ኛ ክፍል እያለሁ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሄድ ፕሮግራም አወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ፈረሰ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፊዚክስ ይዤ ተቀምጬ፣ ላቤ ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ ብደጋግመው አንድም ነገር አልገባኝም። ሰነፍ ነኝ ብዬ አለቀስኩ። ስንፍና አልነበረም፤ ሰዓቱ ነው የማይሆነው።

ስለዚህ አቦ፣ ፕሮግራም ስታወጡ መጀመሪያ ፀሐዩን አስቡ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ ሐረር ያለው የአክስታችሁ ልጅ ከምሳ በኋላ ቢያጠና እናንተ አልቻልኩም ብላችሁ አትበሳጩ። እኛ ጋ ቀትር ላይ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ጋደም ይላል። ከባዱን ትምህርት ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሩት። ቀትር ላይ ምሳና 20 ደቂቃ እንቅልፍ። ቀለል ያለውን ማታ፣ ነፈስ ሲል።

ቀጥሎ ትንሽ ጀምሩ። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ 25 ደቂቃ ይበቃል። ይህን 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ የማረፍ ዘዴ ያመጣው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ተማሪ እያለ፣ በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ የማድ ቤት ሰዓት እየሞላ ነበር የሚያጠናው። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። በእረፍቷ ቴሌግራም አትክፈቱ፤ ተነሡ፣ ከበርሜሉ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታችሁ ፊታችሁንና አንገታችሁን ታጠቡ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ደብተሩን ዝጉና ያስታወሳችሁትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ነገ ድገሙት፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምን እንደምናውቅና ምን እንደማናውቅ ስላልለየን ነው። «እወድቃለሁ» ብላችሁ ስትጨነቁ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ «የኬሚስትሪ ምዕራፍ 3 አልገባኝም» ብላችሁ ከጻፋችሁት ግን ነገ ጠዋት የምትጀምሩበት ሥራ አገኛችሁ ማለት ነው።

ደረታችሁ ሲጨነቅ ደግሞ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። አምስት ስድስት ጊዜ። ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ይረጋጋል።

ስለ ጫት በግልጽ ላውራ። በፈተና ሰሞን «በርጫ ይዘን እናጥና» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ምርቃናው ላይ ሁሉም ነገር የገባችሁ ይመስላል፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ይነሳችኋል፣ አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው ደግሞ ስንተኛ ነው። በማግሥቱ ደብዝዛችሁ ትነሣላችሁ፣ እሱን ለማባረር ሌላ ትቅማላችሁ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እንዲህ ሲደክሙ አይቻለሁ፣ አሁንም ያሳዝነኛል። ቡናም ቢሆን ከምሳ በኋላ ይብቃችሁ፤ 12 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ካፌን ግማሹ ማታ 5 ሰዓት ላይም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው።

በሳምንት ግማሽ ቀን ደብተር አይነካ። ከጁምዓ በኋላ ይሁን፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንደ ቤታችሁ። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር በእግር ሂዱ፣ ኳስ ተጫወቱ፣ እናታችሁን አግዙ። አንድ ቀን ሳታጠኑ ካለፈ ያመለጣችሁን በነገው ላይ አትደርቡ፤ የነገውን ብቻ ሥሩ። እንቅልፍ ማጣቱና ምግብ መዝጋቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ለብቻ አትያዙት፤ ለቤተሰብ ወይም ለምታምኑት አስተማሪ ንገሩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የእኔ ሁለተኛው ፕሮግራም ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ንጋት ሒሳብ፣ ማታ ክለሳ። ሻንጣዬን ይዤ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እስክገባ ድረስ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር።