አትሞ የሚሰጥ ካሜራ የያዛችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

በሰርግ፣ በምርቃትና በልደት ላይ ፎቶ አንስቼ እዚያው አትሜ በመስጠት ዓመታት ቆጥሬያለሁ። የምሠራበት ማተሚያው በሆዱ ያለ የእጅ ዲጂታል ካሜራ ነው። እንዲህ ያለውን ካሜራ ይዘው «ተበላሸብኝ» እያሉ የሚመጡ ሰዎች አይጠፉም። ሳየው ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የተበላሸው ወረቀቱ ነው፤ አለዚያም ባለቤቱ በምን ዓይነት ወረቀት እንደሚያትም ጨርሶ ጠይቆ አያውቅም። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

መታሰቢያን በደረሰኝ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። ለልጆች ተብለው የሚሸጡት ርካሽ ካሜራዎች በጥቅል ወረቀት ላይ በጥቁርና ነጭ ያትማሉ። የወረቀቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሱቅ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ውስጥ ከሚገባው ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ካሜራው ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ወረቀቱ ላይ የተቀባው ኬሚካል ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ ፎቶ የምንለውም ይኸው ጥቁረት ነው። ስለዚህ ሙቀት በበዛበት ቦታ ከተቀመጠ ወረቀቱ በሙሉ ይጠቁራል። ፀሐይ ካገኘው ይገረጣል። ቅባት፣ የእጅ ማጽጃ አልኮልና የአልበም ፕላስቲክ ደግሞ ቀስ በቀስ ያበላሹታል።

ነጋዴ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ደረሰኙ ሳይደበዝዝበት ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ያስቀምጣል። የዘይትና የሳሙና ደረሰኝ እንኳ ኮፒ የሚነሳለትን ወረቀት አምነን፣ የእናታችንን ፊት አትመንበት ሌላ ቅጂ ሳናስቀር እንዴት አልበም ውስጥ እንከታለን?

አንድ ጎልማሳ ሰው አልበም ይዞልኝ መጣ። እናቱን ገጠር ቤታቸው ደጃፍ ላይ እንደተቀመጡ በልጁ ካሜራ አንስቷቸው ነበር። እሳቸው አርፈው ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ፎቶውን ለማስጎላት አልበሙን ሲከፍት ያገኘው ግራጫ ወረቀት ነው። «ሚሞሪ ካርዱስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ታትሟል» ብሎ ካርዱን አጽድቶ ስልኩ ውስጥ ከትቶታል። ወረቀቱን ስካን አድርጌ ጥላውን ከብርሃኑ ለመለየት ግማሽ ቀን ታገልሁ። የነጠላቸው ጥለትና የበሩ መቃን ወጣ። ፊታቸው ግን አልወጣም። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔ ግን ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልሁም።

ይህን ካሜራ አትግዙ እያልሁ አይደለም። ለልጅ ድንቅ ነገር ነው። ወረቀቱ ርካሽ ስለሆነ ልጁ ሳይሳቀቅ ያነሳል፤ የታተመውንም በቀለም እርሳስ ያስጌጠዋል። ወረቀት ስትገዙ ቢፒኤ የተባለው ኬሚካል የሌለበትን ምረጡ። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ኬሚካል በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ እንዲገደብ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ነው፤ ልጅ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ለዘለቄታው የምትፈልጉትን ፎቶ ግን ከካርዱ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና ፎቶ ቤት አሳትሙት። ካርዱ ከጠፋና በእጃችሁ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ፣ ጥቁረቱ ሳይለቅ፣ ስካን አስደርጉት።

በስም ብቻ ወረቀት መግዛት

«ፖላሮይድ ነው» ብሎ የፖላሮይድ ፊልም የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፖላሮይድ ስናፕ ግን ፊልም አይበላም። የሚያትመው ዚንክ በተባለ ወረቀት ነው። ዚንክ በውስጡ ቢጫ፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ) እና ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ) የሚሆኑ ሦስት ንብርብሮች አሉት። ንብርብሮቹ ሲገዙ ቀለም አልባ ናቸው፤ ማተሚያው በሙቀቱ መጠንና ቆይታ እየለየ ያቀልማቸዋል። የፉጂፊልሞቹ ኢንስታክስ ሚኒ ሊፕሌይና ሚኒ ኢቮ ደግሞ እውነተኛ ፊልም ይጠቀማሉ፦ በስክሪኑ ላይ የመረጣችሁትን ምስል ካሜራው በውስጡ ባለ ብርሃን ፊልሙ ላይ ያሳርፈዋል። ኢንስታክስም ቢሆን ሚኒ፣ ስኩዌርና ዋይድ የሚባሉ ሦስት መጠኖች አሉት፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ወረቀት ልትገዙ ስትሄዱ ባዶውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ።

ስንት እንደቀረ ለማየት ጀርባውን መክፈት

ይህን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። በአንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ «ፊልሙ ይበቃኝ ይሆን?» ብዬ የፊልሙን ክዳን ከፈትሁ። ስምንት ፊልም ቀርቶ ነበር። ብርሃን ገባበትና ዳር ዳሩ ነጣ፤ የላይኛው ጭራሽ ነጭ ሆነ። የቀረው ብዛት እኮ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ነበር፤ በጥድፊያ አላየሁትም። ያዳነኝ ካሜራው ዲጂታል መሆኑ ነው። ምስሎቹ ካርዱ ላይ ስለነበሩ በማግሥቱ በሌላ ፊልም አትሜ ለሙሽሮቹ ቤት ድረስ ወሰድሁላቸው። የዚንክ ካሜራ ቢከፈት ብርሃን ወረቀቱን አይጎዳውም። የፊልሙን ግን የመጨረሻው እስኪወጣ አትክፈቱ።

ፎቶውን ማራገብ

አታራግቡት። ልማዱ የመጣው ከድሮው፣ እርጥብ ሆኖ ከሚወጣው ፎቶ ነው። የዛሬው ፊልም ኬሚካሉ በንብርብሮቹ መካከል ታሽጎ ነው የሚሠራው፤ ብታራግቡት ወይም ብታጥፉት ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። ጠረጴዛ ላይ በጥላ አስቀምጡትና አንድ ደቂቃ ተኩል ታገሡ።

ሰማያዊውን ወረቀት መጣል

አሥር ዚንክ በያዘው እሽግ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ወረቀት አለ። ብዙዎች ማሸጊያ መስሏቸው ይጥሉታል። እሱ ግን ማተሚያውን የሚያጸዳና ቀለሙን ለዚያ እሽግ የሚያስተካክል ወረቀት ነው። ባርኮዱን ወደ ታች አድርጋችሁ ከሥር አስገቡት፤ ከሌላ እሽግ ጋርም አትቀላቅሉት። ቀለሙ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ሲያደላ «ማተሚያው አርጅቷል» ከማለታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ወጣ ያለውን ወረቀት መሳብ

እንደ አንዳንዶቹ የኮዳክ ሚኒ ሾት ሞዴሎች በቀለም ሪባን የሚያትሙ ካሜራዎች ወረቀቱን አራት ጊዜ ያስወጡታል፣ ያስገቡታል፦ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሳያን፣ በመጨረሻም መከላከያ ሽፋን። መጀመሪያ ቢጫ ብቻ ሆኖ ብቅ ሲል «ተበላሸ» ብሎ የሚጎትተው ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ የሚበላሸው። አራቱም ዙር እስኪያልቅ እጃችሁን ሰብስቡ።

ነጭ ልብስን አለማሰብ

በዚህ ላይ ልቆይ፤ የካሜራ መመሪያ ላይ አይገኝምና። በጥምቀት ጃንሜዳ ላይ የምታነሱት ሁሉ ነጭ ለብሷል። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ነጠላው ደህና ይወጣል፣ የሰዎቹ ፊት ግን ይጠቁራል። ስክሪኑ ላይ ፊታቸው በደንብ ይታያል። ስክሪን ግን ከራሱ ብርሃን ያፈልቃል፣ ወረቀት አያፈልቅም። ስለዚህ የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ አንሱ፤ ከማተማችሁ በፊትም ብሩህነቱን ትንሽ ጨምሩ። በቅርብ ፍላሽ ማብራት ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል፦ ጥለቱ ይጠፋል፣ ቀሚሱ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሰዎቹን ከቀትር ፀሐይ አውጥታችሁ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሟቸው፤ ፊታቸውም ልብሳቸውም ያኔ ይታያል።

አሥራ አምስት ሰው በአንድ ፎቶ

የኢንስታክስ ሚኒ ምስል 62 በ46 ሚሊ ሜትር ነው። አሥራ አምስት ሰው ካቆማችሁ አንዱ ፊት ምስር አያክልም። በሦስት በሦስት ከፋፍላችሁ አንሱ። ሜጋፒክስል፣ ማለትም ካሜራው በስንት ሚሊዮን ነጥብ እንደሚያነሳ፣ አይቶ መግዛትም ከዚሁ የሚቆጠር ስህተት ነው። ሊፕሌይ ሲያትም 800 በ600 ነጥብ ነው የሚጠቀመው፤ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም።

ሚሞሪ ካርድ አለመክተት

ሊፕሌይም ኢቮም ያለ ካርድ የሚይዙት ወደ 45 ያህል ምስል ብቻ ነው። በምርቃት ቀን ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ አይሆንም። ባትሪም እንዲሁ ነው፦ ሊያልቅ ሲል ማተም አትጀምሩ፤ ሞተሩ መሃል ላይ ቆሞ ወረቀቱ ይያዛል።

ብርድና ሙቀት

ኢንስታክስ ፊልም በደንብ የሚሠራው ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ሙቀት ነው። በጥር ማለዳ ሜዳ ላይ ስታትሙ ፎቶው ከወጣ በኋላ ሳታጥፉት በካፖርታችሁ የውስጥ ኪስ አሙቁት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ፊልምም ዚንክም መኪና ውስጥ ጥላችሁ አትግቡ።

በመጨረሻም ከውጭ ወረቀት ለምታስመጡ። የኢንስታክስ ፊልም የብርሃን ስሜቱ አይሶ 800 ነው፤ ለአየር መንገድ በምታስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ከገባ የፍተሻው ኤክስሬይ ያበላሸዋል። የሚያመጣላችሁ ሰው በእጅ ቦርሳው ይያዝና በፍተሻው ላይ በእጅ እንዲያዩለት ይጠይቅ። ዚንክና የደረሰኝ ወረቀት ኤክስሬይ አይነካቸውም፤ እነሱን ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ጋር ማስገባት ይችላል።