3 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? የጣናን ውኃ ሞዴል የሚያበላሹ ስህተቶች

ጎንደር ላይ የታጠበውና የተደፋው በቀሃና በአንገረብ ወርዶ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ደግሞ ጣና። ከእኛ ከተማ የሐይቁን ሰሜን ዳርቻ የውኃ ጥራት በኮምፒውተር ሞዴል ላጥና የሚል ተማሪ ቢበዛ አይገርምም። የሚሰናከሉት ግን ከባዱ ሒሳብ ላይ አይደለም።

አንደኛው ሰዓት ነው። ጀልባ ላይ ሆኖ «3 ሰዓት» ብሎ የሚመዘግበው ሰው ጠዋት ማለቱ ነው። ፋይሉን የሚሞላው 3:00 ብሎ ያስገባዋል፤ ለኮምፒውተሩ ይህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አልጌ ኦክስጅን ይጠቀማል እንጂ አያመርትም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ዝቅ ያለ የኦክስጅን ቁጥር ያወጣል። ልኬቱ ግን ፀሐይ ካየ ውኃ የተወሰደ ነውና ከፍ ብሏል። ሁለቱ ሲጣሉ ተማሪው ውኃው ከአየር ኦክስጅን የሚስብበትን ፍጥነት ጨመር አድርጎ ያስታርቃቸዋል። ግራፉ ያምራል፤ ስህተቱም እዚያው ተቀበረ። ካሊብሬሽንን፣ ማለትም ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር እስኪገጥም ቁጥሮቹን ማስተካከልን፣ የምፈራው ለዚህ ነው፤ የሰጡትን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ዝም ይላል። ቀኑም ያው ነው፦ መስከረም 1 ለፕሮግራሙ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት ግን 12።

ከፍታን መርሳት ሌላው ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ (ከተማዋን ማለቴ አይደለም) በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል እዚህ ጣሪያው 7.3 አካባቢ ነው። ሞዴሉ ውስጥ ከፍታ የሚሞላበትን ቦታ ባዶ የተወ ሰው ጤነኛውን ውኃ በሽተኛ ያደርገዋል።

ከባሕር ጋር ለተያያዘ ላጉን (ጥልቀት የሌለው የባሕር ዳር ሐይቅ) የተሠራ ምሳሌ ፋይል ገልብጦ መጀመርም አለ። እዚያ ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው በጨረቃ ስበት ከፍ ዝቅ የሚለው ባሕር ነው፤ ጨውም አለበት። ጣናን የሚያንቀሳቅሱት ነፋስና ወንዞች ናቸው፤ መውጫውን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጨራጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል።

ናይትሬት ላይ አሃዱን እዩ፦ በናይትሮጅኑ ብቻ ሲጻፍ 10 ሚሊግራም የሆነው በሙሉ ናይትሬት ሲጻፍ 44 ሚሊግራም ነው። ላብራቶሪው በየትኛው እንደጻፈ ጠይቁ።

የሚያናድደኝ ግን የበጋ ናሙና ብቻ ይዞ «የዓመቱ ሞዴል» ማለት ነው። ክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጀልባውም ያስፈራል፤ እውነት ነው። ይሁንና መገጭ ደለሉን፣ ከደለሉም ጋር የተጣበቀውን ፎስፈረስ የሚያወርደው ያኔ ነው። እምቦጩን የሚቀልበውን ክፍል ሳይለኩ ስለ እምቦጭ መተንበይ ምን ይሉታል? ጀልባ ካልተቻለ ከድልድይ ላይ ባልዲ በገመድ ጣሉ፤ ጎርፉ ሲሞላ አንድ ጊዜ፣ ሲጎድል አንድ ጊዜ። ጠርሙሱ ላይ ታዲያ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የምትለዋን አትርሱ።